የትምህርት ቤት ተኩስ በቴሌቪዥንና በምርመራ መዝገብ

በዚህ እትም የአንባብያን ጥያቄዎች ዓምድ፣ በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ስለሚፈጸሙ የተኩስ ጥቃቶችና ስለ ዜና አቀራረባቸው የደረሱንን ሦስት ደብዳቤዎች እናስተናግዳለን። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የገዳዮቹን ስም ሆን ብለን አልጻፍንም፤ ምክንያቱ ከሁለተኛው መልስ ግልጽ ይሆናል።

ጥያቄ፦ «የምኖረው በቨርጂኒያ ግዛት፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ሲሆን ሁለት ልጆቼ በመንግሥት ትምህርት ቤት ይማራሉ። አሜሪካ ውስጥ በየትኛውም ትምህርት ቤት ተኩስ በተከፈተ ቁጥር ደሴ ያሉት እናቴ ወሬውን ከእኔ ቀድመው ይሰሙና ‹ልጆቹን ይዘሽ ነይ› እያሉ ይደውላሉ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። ገዳዩ ሁልጊዜ ዝምተኛ፣ ጓደኛ የሌለው፣ እኩዮቹ ሲያንገላቱት የኖረ፣ የኮምፒውተር ጨዋታ የሚያዘወትር ልጅ ነበር ይባላል። የእኔም የ14 ዓመት ልጅ ዝምተኛ ነው፤ ከክፍሉ አይወጣም፤ ጨዋታም ይወዳል። አንዳንድ ጊዜ ሳየው የማልፈልገው ሐሳብ ይመጣብኛል። እውነት እንዲህ ያለ ልጅ ነው የሚያሰጋው? ደግሞስ በመጀመሪያው ቀን የተነገረው ነገር በሳምንቱ ለምን ይለወጣል?» ወ/ሮ ሠ.፣ ከአሌክሳንድሪያ

መልስ፦ ወ/ሮ ሠ.፣ ሁለቱ ጥያቄዎችዎ የተለያዩ ቢመስሉም መልሳቸው አንድ ቦታ ይገናኛል። ስለ ትምህርት ቤት ተኩስ በሰው አእምሮ ተተክሎ የሚቀረው ማብራሪያ፣ ጥቃቱ በደረሰበት ቀን ማንም በቂ ነገር ሳያውቅ የተነገረው ነው። ማረሚያው የሚመጣው ካሜራዎቹ አካባቢውን ለቀው ከሄዱ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ ስለሆነ የሚሰማው ጥቂት ሰው ብቻ ነው።

እርስዎ የገለጹት የገዳይ ምስል በዋናነት የመጣው ከኮለምባይን ነው። ኤፕሪል 20 ቀን 1999፣ በኮሎራዶ ግዛት ከዴንቨር ከተማ አጠገብ በሚገኘው የኮለምባይን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ሁለት ተማሪዎች 12 ተማሪዎችንና አንድ መምህር ገድለው የራሳቸውንም ሕይወት አጠፉ። (በዚያ ቀን ቆስላ ሽባ ሆና የኖረች አንዲት ተማሪ በ2025 ስታርፍ የሞቷ መንስኤ ከዚያው ጉዳት ጋር በመያያዙ፣ የሟቾቹ ቁጥር ከ25 ዓመት በኋላ 14 ሆኗል።) ፖሊስ ሕንፃውን ፈትሾ ሳይጨርስ የቴሌቪዥን ሄሊኮፕተሮች ከላይ ያንዣብቡ ነበር፤ ሮጠው ያመለጡ ልጆችም እንባቸው ሳይደርቅ ማይክሮፎን ይደቀንባቸው ነበር። ማታ ላይ ታሪኩ ተሟልቶ አለቀ። ሁለቱ ልጆች ረጅም ጥቁር ካፖርት የሚለብሱ የተገለሉ ተማሪዎች ቡድን አባላት ናቸው፣ ስፖርተኞቹ ተማሪዎች ሲያዋርዷቸው ኖረዋል፣ የመጡትም እነዚያን ለመበቀል ነው፣ የሮክ ዘፋኙ የማሪሊን ማንሰን ሙዚቃም ገፋፍቷቸዋል ተባለ።

የምርመራው መዝገብ የሚናገረው ግን ሌላ ነው። ልጆቹ ጓደኞች ነበሯቸው፤ የተባለው ቡድን እውነተኛ አባላትም አልነበሩም። ዋናው ዕቅዳቸው በጋዝ ሲሊንደር የሠሯቸውን ቦምቦች በምሳ ሰዓት ምግብ ቤቱ ውስጥ አፈንድተው በመቶዎች የሚቆጠር ሰው መግደል ነበር፤ ተኩሱ የተከተለው ቦምቦቹ ሳይፈነዱ በመቅረታቸው ነው። ምግብ ቤት ውስጥ የሚጠመድ ቦምብ ደግሞ ስፖርተኛውን ከሌላው ለይቶ አይገድልም፤ ስለዚህ «ስፖርተኞቹን ሊበቀሉ መጡ» የሚለው ማብራሪያ ከዕቅዱ ጋር ጨርሶ አይገጥምም። ታዲያ ታሪኩ ከየት መጣ? ወደ 2,000 ገደማ ተማሪዎች በነበሩበት ትምህርት ቤት አብዛኞቹ ሁለቱን ልጆች በቅርብ አያውቋቸውም ነበር። ከሰዓት በኋላ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሰሙትን ማታ ለሚጠይቃቸው ዘጋቢ መልሰው ነገሩት፤ ዘጋቢውም የዓይን ምስክር ቃል አድርጎ ጻፈው። ወሬው በዚህ መንገድ ዞሮ ራሱን አረጋገጠ።

ከዚያ ቀን የተረፈ ሌላም ታሪክ አለ። ገዳዩ አንዲትን ልጃገረድ «በእግዚአብሔር ታምኛለሽ?» ብሎ እንደጠየቃት፣ «አዎን» ባለች ጊዜም እንደገደላት በስብከትም በመጽሐፍም ተነገረ። መርማሪዎች ኋላ ላይ እንደደረሱበት ግን ያ ምልልስ የተደረገው ቆስላ ከተረፈች ሌላ ልጅ ጋር ነበር። የሟቿን ታሪክ ዛሬም የሚተርከው ሰው፣ የተረፈችውን ከሚያስታውሰው ይበዛል።

አሁን ወደ ልጅዎ እንመለስ። የአሜሪካ ሴክሬት ሰርቪስ (ፕሬዚዳንቱን የሚጠብቀው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) ከትምህርት ሚኒስቴሩ ጋር ሆኖ ከ1974 እስከ 2000 የተፈጸሙ 37 ጥቃቶችንና 41 አድራሾቻቸውን አጥንቶ በ2002 ሪፖርት አውጥቷል። የሪፖርቱ ዋና ግኝት የትምህርት ቤት ገዳይ የሚታወቅበት አንድ ዓይነት መልክ ወይም ጠባይ የለም የሚል ነው። 41 በመቶ የሚሆኑት ከብዙኃኑ ተማሪ ጋር ተቀላቅለው የሚውሉ ነበሩ፤ ብቸኛ የተባሉት 34 በመቶ ናቸው። የጭካኔ ድርጊት ለሚታይባቸው የኮምፒውተር ጨዋታዎች ፍላጎት ያሳዩት 12 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሐቁን ላለመደበቅ፣ 71 በመቶዎቹ እንደተንገላቱ ወይም እንደተሳደዱ ይሰማቸው ነበር፤ ስለዚህ ስለ መንገላታት የሚነገረው ከመሬት የተፈጠረ አይደለም። ሆኖም በእኩዮቻቸው የሚንገላቱ ልጆች በየአገሩ በሚሊዮን የሚቆጠሩ በመሆናቸው ይህ ብቻውን ማንንም አይለይም።

በእኔ ግምት ቴሌቪዥኑ ቀን ከሌሊት ሊደጋግማቸው ይገባ የነበሩት የዚሁ ሪፖርት ሌሎች ቁጥሮች ናቸው። ከ10 ጥቃቶች በ8ቱ ቢያንስ አንድ ሰው፣ አብዛኛውን ጊዜም የልጁ ጓደኛ፣ ዕቅዱን ቀድሞ ያውቅ ነበር። 93 በመቶዎቹ ከጥቃቱ በፊት ሌሎችን ያሳሰበ ነገር አድርገዋል ወይም ተናግረዋል። ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት መሣሪያውን ያገኙት ከገዛ ቤታቸው ወይም ከዘመድ ቤት ነው። «ድንገት አበደ» የሚለው የዜና ቋንቋ ሦስቱንም ይሸፍናል። በራስዎ ግዛት፣ በኒውፖርት ኒውስ ከተማ፣ በጃንዋሪ 2023 አንድ የ6 ዓመት ሕፃን መምህሩን በጥይት ያቆሰለው እናቱ በገዛችው ሽጉጥ ነበር። እንግዲህ ልጅዎ ስለ መሞት ወይም ስለ መግደል ይናገራል? ስለ መሣሪያ አብዝቶ ይጠይቃል? ጓደኞቹ የሰሙት የሚያሰጋ ነገር አለ? እነዚህ ሊያሳስቡ ይገባል። በር ዘግቶ ጨዋታ መጫወት ግን በ14 ዓመት የተለመደ ነው። ልጆችዎ ሊያድሩ ወይም ሊጫወቱ የሚሄዱበትን ቤት ባለቤቶች «ቤታችሁ መሣሪያ አለ? ተቆልፎበታል?» ብሎ መጠየቅም በእኛ ባህል ድፍረት ቢመስል፣ በአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ለወላጆች የሚመክሩት ነገር ነው።

የመጀመሪያው ቀን ዜና የሚለወጥበት ምክንያት ዘጋቢው ስለሚዋሽ አይደለም፤ በእጁ ያለው ነገር ጥቂት ሆኖ ሳለ የአየር ሰዓቱ ግን መሞላት ስላለበት ነው። ከፖሊስ ሬዲዮ የተጠለፈ ንግግር፣ ከጎረቤት የተሰማ ወሬ፣ ከማኅበራዊ ሚዲያ የተነሣ ፎቶግራፍ ሁሉ እኩል ዋጋ ያገኛል። ዲሴምበር 14 ቀን 2012 በኮኔቲከት ግዛት በሳንዲ ሁክ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 ሠራተኞች ሲገደሉ፣ ለሰዓታት ገዳይ ተብሎ ስሙ ሲጠራ የዋለው የገዳዩ ወንድም ነበር። እናታቸውም በዚያ ትምህርት ቤት መምህር ነበረች ተባለ፤ እሷ ግን በትምህርት ቤቱ አላስተማረችም፤ የተገደለችውም ቤቷ ውስጥ ነው። እነዚህ ስሕተቶች በማግስቱ ቢታረሙም ሌላ መርዝ ወለዱ። «ጥቃቱ አልደረሰም፣ ድራማ ነው» የሚሉ ሰዎች እነዚህኑ የሚጋጩ ዘገባዎች ማስረጃ አድርገው አቀረቡ፤ ልጆቻቸውን የቀበሩ ወላጆችም ለዓመታት ማስፈራሪያና ስድብ ሲደርሳቸው ኖረ። የዚህ ወሬ ዋና አሠራጭ የነበረውን አሌክስ ጆንስን የኮኔቲከት ዳኞች በኦክቶበር 2022 ለቤተሰቦቹ 965 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወስነውበታል።

አንዳንዴ ደግሞ የሚሳሳተው ባለሥልጣኑ ነው። ሜይ 24 ቀን 2022 በቴክሳስ ግዛት፣ በዩቫልዲ ከተማ በሮብ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት 19 ሕፃናትና ሁለት መምህራን ተገደሉ። በማግስቱ የግዛቱ አስተዳዳሪ ፖሊሶቹ ወደ ተኩሱ ሮጠው በመግባት ሕይወት እንዳተረፉ ተናገሩ፤ የትምህርት ቤቱ ጠባቂ ፖሊስም ታጣቂውን ውጭ ተጋፍጦት ነበር ተባለ። በዚያው ሰዓት ግን ከአጥሩ ውጭ የቆሙ ወላጆች «ግቡ እንጂ!» እያሉ ፖሊሶቹን ሲማጸኑ የሚያሳይ ቪዲዮ በስልክ ይዘዋወር ነበር። በዚህ ጊዜ የአገሬው ጋዜጠኞች መግለጫውን ተቀብለው አልተቀመጡም። ሰነድ እንዲሰጣቸው ከሰሱ፤ በጁላይ ወር ኦስቲን አሜሪካን ስቴትስማን የተባለው ጋዜጣና ኬቪዩኢ የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ከትምህርት ቤቱ መተላለፊያ ካሜራ የተገኘውን ምስል አወጡ። የታጠቁ ፖሊሶች ሕፃናቱ ካሉበት ክፍል ደጃፍ ሆነው 77 ደቂቃ ሲጠብቁ ታየ። የግዛቱ ምክር ቤት ኮሚቴ በስፍራው የተገኙትን የሕግ አስከባሪዎች ቁጥር 376 ብሎ መዝግቦታል። ያ ምስል ባይወጣ ኖሮ የዩቫልዲ ታሪክ ዛሬም የፖሊስ ጀግንነት ታሪክ ሆኖ ይነገር ነበር። መገናኛ ብዙኃንን በጅምላ መውቀስ የማልወደውም ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያውን ቀን ስሕተት የሚሠሩትም፣ ኋላ የሚያርሙትም አንድ ሙያ ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ለእናትዎ ምን እንደሚነግሯቸው ግን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

ጥያቄ፦ «በአዲስ አበባ የጋዜጠኝነት ተማሪ ነኝ። በክፍላችን አንድ ክርክር ተነሥቶ ነበር። የጅምላ ገዳይን ስምና ፎቶግራፍ ማውጣት ዝና መስጠት ነው የሚሉ አሉ፤ መደበቅ ደግሞ የሕዝብን የማወቅ መብት መንፈግ ነው የሚሉም አሉ። የትኛው ትክክል ነው?» አ.፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ይህ ክርክር በጋለ መልኩ የተነሣው ኤፕሪል 16 ቀን 2007 በቨርጂኒያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ 32 ሰዎች በተገደሉ ጊዜ ነው። ገዳዩ በዕለቱ በከፈታቸው ሁለት ተኩሶች መካከል ወደ ፖስታ ቤት ሄዶ ፎቶግራፎቹን፣ ቪዲዮዎቹንና ጽሑፉን ኒውዮርክ ለሚገኘው ኤንቢሲ የቴሌቪዥን ጣቢያ ላከ። ጣቢያው ኤፕሪል 18 ቀን ከፊሉን አሰራጨ፤ መሣሪያ ደግኖ የተነሣቸው ፎቶግራፎችም በማግስቱ የጋዜጦችን የፊት ገጽ ሞሉ። የሟች ቤተሰቦች ከጣቢያው ጋር ሊያደርጉት የነበረውን ቃለ ምልልስ ሰረዙ፤ የካናዳው ሲቢሲ ደግሞ ቪዲዮውን ጨርሶ አናሳይም አለ። ገዳዩ በቪዲዮው የኮለምባይኖቹን ሁለት ልጆች በስም ጠርቶ ሰማዕታት ብሏቸው ነበር። የስም ነገር ከጨዋነት ጥያቄ አልፎ የሕይወት ጥያቄ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ከ8 ዓመት በፊት በየቤቱ የገባው የሁለቱ ምስል ለዚህኛው አርአያ ሆኖት ነበርና።

ጥናቱ ምን ይላል ካሉ፣ በ2015 የወጣ አንድ ጥናት ከአንድ የትምህርት ቤት ተኩስ በኋላ በአማካይ ለ13 ቀናት ሌላ የመከተሉ ዕድል ከፍ እንደሚል አሳይቷል። በኋላ የጅምላ ግድያዎችን በሌላ ስልት የመረመሩ ሰዎች ግን እንዲህ ያለ የአጭር ጊዜ መዛመት አላገኙም። ይበልጥ የጠነከረው ማስረጃ የሚገኘው ከጎረቤት ጉዳይ ነው። በ1980ዎቹ በቪየና የምድር ውስጥ ባቡር ራስን የማጥፋት ድርጊት ሲበረክት፣ በ1987 ጋዜጦች የዘገባ መመሪያ ተሰጥቷቸው ዝርዝሩንና ትልልቅ አርዕስቶችን ትተው ነበር፤ ድርጊቱም ወዲያው በእጅጉ ቀነሰ። የዓለም ጤና ድርጅት ስለዚህ ዓይነት ዘገባ የሚሰጠው ምክርም በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው።

በ2012 በኮሎራዶ፣ ኦሮራ በሲኒማ ቤት ልጃቸው የተገደለባቸው ወላጆች «ለገዳይ ዝና አትስጡ» የሚል ዘመቻ ጀምረዋል። ዘመቻው ስሙ ጨርሶ አይነሣ አይልም፤ ተፈላጊው ካልተያዘ ወይም ማንነቱን መግለጽ ለሕዝብ ደኅንነት ካስፈለገ እንዲነገር ይፈቅዳል። የእኔም አስተያየት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ስሙ ከተረጋገጠ በኋላ በዜናው ውስጥ አንድ ጊዜ ይጻፍ፤ በአርዕስት አይውጣ፤ መሣሪያ ይዞ ራሱ ያነሣው ፎቶግራፍና ራሱ የጻፈው መግለጫ አይሰራጭ፤ ሙሉ ታሪኩን የሚሻ ደግሞ ከፍርድ ቤት ዘገባ ያገኘዋል። ሙሉ በሙሉ መደበቅ ሌላ ጉዳት አለው። የሳንዲ ሁክ ገዳይ ወንድም ስም እንደተነሣው፣ ክፍተቱን ወሬ ይሞላዋልና። መሣሪያውን ማን ሸጠለት፣ ማን አስጠንቅቆ ሰሚ አጣ የሚለውን መርምሮ መጻፍም ያለ ስም ያስቸግራል። በዚህ የአንባብያን ዓምድ ግን የገዳዮቹ ስም የሚጨምርልን ነገር ስለሌለ ትተነዋል።

ለስደተኛ ማኅበረሰቦች ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ገጽ አለው። ከቨርጂኒያ ቴክ ጥቃት በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ገዳዩ ቻይናዊ ነው የሚል ዘገባ በአሜሪካ ጋዜጣ ወጥቶ ነበር። ሰውዬው በልጅነቱ መጥቶ በሰሜን ቨርጂኒያ ያደገ የደቡብ ኮሪያ ዜጋ መሆኑ ሲታወቅ፣ በአካባቢው የሚኖሩ ኮሪያውያን በቀል ፈሩ፤ የደቡብ ኮሪያ ፕሬዚዳንትም ሐዘናቸውን ገለጹ። ያደገበት ፌርፋክስ አውራጃ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩበት ነው፤ በእንዲህ ያለ ቀን «የእኛ ሰው ባይሆን» ብሎ መጨነቅ እዚያ ለሚኖር አንባቢ እንግዳ ስሜት አይመስለኝም። የዜግነትንና የዘርን ነገር ከተረጋገጠ ምክንያት ጋር ሳያያይዙ በአርዕስት ማውጣት ምን እንደሚያደርግ፣ ለሙያው ለሚዘጋጅ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ማስተማሪያ የለም።

ጥያቄ፦ «አንዱ ጣቢያ በዓመቱ ይህን ያህል የትምህርት ቤት ተኩስ ነበር ይላል፤ ሌላው ሩቡን እንኳ አይቆጥርም። ማንን እንመን? ትምህርት ቤትስ ይህን ያህል አደገኛ ሆኗል?» አቶ መ.፣ ከአትላንታ

መልስ፦ አቶ መ.፣ ልዩነቱ የሚመጣው ከአቆጣጠሩ ነው። ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2018 በፍሎሪዳ፣ ፓርክላንድ 17 ሰዎች በተገደሉበት ቀን፣ የዓመቱ 18ኛ የትምህርት ቤት ተኩስ ነው የሚል ቁጥር ከአንድ የመሣሪያ ቁጥጥር ደጋፊ ድርጅት ወጥቶ አገሩን አዳረሰ። ዋሽንግተን ፖስት ዝርዝሩን ሲፈትሽ፣ ለወራት ተዘግቶ በነበረ ትምህርት ቤት የመኪና ማቆሚያ ራሱን ያጠፋ ጎልማሳ ሰው ጭምር ተቆጥሮ አገኘ። መንግሥትም ከዚህ አይድንም። የትምህርት ሚኒስቴሩ በ2015/16 የትምህርት ዘመን ወደ 240 የሚጠጉ ትምህርት ቤቶች ተኩስ እንዳጋጠማቸው ቢያሳውቅም፣ ኤንፒአር የተባለው ሬዲዮ አንድ በአንድ ጠይቆ ሊያረጋግጥ የቻለው 11ዱን ብቻ ነው። ቁጥር ሲሰሙ እንግዲህ የሞተውን ነው? የቆሰለውንም? ጥይት የተተኮሰበትን ሁሉ? በትምህርት ሰዓት ብቻ? ብለው ይጠይቁ።

አደጋውን በተመለከተ ሁለት እውነቶች ጎን ለጎን ይቆማሉ። የጦር መሣሪያ ከ2020 ጀምሮ በአሜሪካ ሕፃናትንና ታዳጊዎችን በመግደል ከሁሉም ምክንያቶች ቀዳሚ ሆኗል። ነገር ግን ለትምህርት በደረሱ ልጆች ላይ ከሚፈጸሙት ግድያዎች በትምህርት ቤት ውስጥ የሚፈጸሙት ከ3 በመቶ በታች ናቸው፤ የቀሩት በቤትና በመንገድ፣ ካሜራ በማይደርስበት የሚፈጸሙ ናቸው። በከተማ ድሃ ሰፈር አንድ ልጅ ሲገደል ከአካባቢው ዜና አያልፍም። በ2018 ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል ሲጠይቅ 57 በመቶ የሚሆኑ ታዳጊዎች በትምህርት ቤታቸው ተኩስ ይደርሳል ብለው እንደሚሰጉ ተናግረዋል። ስጋቱ ከአደጋው መጠን በላይ ቢሆንም ባዶ ነው ማለት አይቻልም፤ ዋሽንግተን ፖስት ከኮለምባይን ወዲህ በትምህርት ሰዓት በትምህርት ቤታቸው ተኩስ የደረሰባቸውን ተማሪዎች ከ350,000 በላይ አድርሷቸዋል። አብዛኞቹ ጥይት ያልነካቸው ናቸው፤ የሟች ቁጥር ብቻ የሚያነብ ሰው አያያቸውም።

ከእርስዎ ከተማ በማይርቀው በዊንደር፣ ጆርጂያ በሚገኘው የአፓላቺ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሴፕቴምበር 4 ቀን 2024 ሁለት ተማሪዎችና ሁለት መምህራን ሲገደሉ፣ ኤፍቢአይ በዚያው ምሽት አንድ ጠቃሚ መግለጫ አውጥቷል። ከአንድ ዓመት በፊት በኢንተርኔት ስለተሰራጨ ዛቻ ጥቆማ ደርሶ፣ የአካባቢው ፖሊሶች ልጁንና አባቱን አነጋግረው ነበር። በማግስቱ አባትየው ታሰረ፤ የተከሰሰውም ለልጁ መሣሪያ እንዲደርሰው አድርጓል ተብሎ ነው። በዚያ ሳምንት ስለ 14 ዓመቱ ተጠርጣሪ ጠባይ ብዙ ተብሏል፤ እርስዎ ግን ጉዳዩን መከታተል ከፈለጉ በዚያው አውራጃ ፍርድ ቤት ስለ መሣሪያውና ስለ ጥቆማው የቀረበውን ማስረጃ እንዲያነብቡ እመክራለሁ።